ሁለት ስም ያለው ኮርድ

ጃንጎ ሬይንሃርትን አብዛኞቻችን የምናውቀው በአንድ ወሬ ነው፤ በሁለት ጣት ጊታር ይጫወት ነበር ይባላል። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎነቱን ያስተዋልኩት ማታ ማታ ከባንክ ሥራ መልስ ከእርሱ ኮርዶች አንዱን ለመያዝ ስታገል ነው።

ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ1910 ቤልጅየም ውስጥ ማኑሽ ከሚባሉት የሮማ ወገኖች ተወለደ፤ ያደገው ፓሪስ ዳርቻ፣ በሰረገላ ቤቶች ሠፈር ነው። በ1928 አንድ ሌሊት ባለቤቱ ለገበያ ያዘጋጀቻቸው የሴሉሎይድ አበቦች በእሳት ተያያዙ። ሴሉሎይድ ደግሞ አንዴ ከተያያዘ ፋታ አይሰጥም። ግራ እጁና አንድ እግሩ ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞች እግሩ ይቆረጥ ቢሉ እምቢ አለ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ግን እንደ ታጠፉ ቀሩ። ዕድሜው 18 ነበር።

ወደ ኮርዱ ልመለስ። የመሃል ጣትን በስድስተኛው፣ ማለትም በወፍራሙ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ አሳርፉ። ሌባ ጣትን (ለባንክ ሠራተኛ ስሟ የማይመች ጣት ናት) በአራተኛው ክር አራተኛ ፍሬት ላይ። ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ክር በቀለበት ጣት አምስተኛው ፍሬት ላይ ባንድነት ተጫኑ፤ አምስተኛውና አንደኛው ክር ዝም ይበሉ። ይህ ኤ ማይነር 6 ነው፤ ኤ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ሲ፣ ኢ። አሁን ሌላውን ሳትነኩ የመሃል ጣትን ብቻ ከስድስተኛው ወደ አምስተኛው ክር አዛውሩ። ዲ 9 ሆነ። ሦስቱ ድምፆች ባሉበት ናቸው፤ ከሥር ያለው ድምፅ ሲለወጥ ግን ትርጉማቸው ተለወጠ። ያዘነው ኮርድ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ የሚቸኩል ሆነ። ቅኔ የምንወድ ሰዎች ይህን ነገር በኅብረ ቃል እናውቀዋለን።

ኮርዱን እሳቱ ወለደው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ማይነር 6 ከጃንጎ በፊት የነበረ ነው። ከቃጠሎው ጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ኤሚል ሳቪትሪ የተባለ ሠዓሊ ቱሎን ከተማ ውስጥ የሉዊ አርምስትሮንግንና የዱክ ኤሊንግተንን ሸክላዎች አሰምቶታል፤ ጆሮው ከዚያም ተምሯል። እሳቱ ያደረገው እጁ እንዲመርጥ ማስገደድ ነው። ስድስቱንም ክር የሚሸፍነው ሰፊ አያያዝ ሲከለከል፣ ሦስትና አራት ድምፅ ያላቸው ጠባብ ኮርዶች ቀሩ።

እነዚህ ኮርዶች ሌላም ጥቅም ነበራቸው። በ1934 ጃንጎ ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር በፓሪስ የመሠረተው ጓድ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቫዮሊንና አንድ ኮንትራባስ እንጂ ከበሮ አልነበረውም። የከበሮውን ሥራ የሚሠሩት አጃቢ ጊታሮች ናቸው። ልቅ የተተወ ክር መጮኹን ይቀጥላል፤ በጣት የተያዘ ክር ግን ጣቱ ላላ ሲል ወዲያው ዝም ይላል። ምቱ የሚፈጠረው ከዚህ ዝምታ ነው። ለጀማሪ ከመያዙ ይልቅ መልቀቁ የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል።

በጦርነቱ ዘመን ናዚዎች ሮማዎችን ወደ ማጎሪያና ወደ ሞት ሲነዱ፣ ጃንጎ በተያዘችው ፓሪስ በአደባባይ ይጫወት ነበር። «ኑአዥ» (ደመናዎች) የተሰኘውን ሥራውን የቀረጸው በ1940 ነው። በ1943 ወደ ስዊዘርላንድ ለመሸሽ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በሕይወት ግን ተረፈ። በ1946 አሜሪካ ተሻግሮ፣ በሸክላ ከሰማው ከዱክ ኤሊንግተን ጋር መድረክ ላይ ወጣ። በ1953 በ43 ዓመቱ አረፈ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ የተቀረጸ አጭር ፊልም አለ፤ ግራ እጁ በቅርብ ይታያል። ዜማውን ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ይሮጡበታል። ኮርድ ሲመታ ግን የታጠፉትን ሁለቱን ጣቶች በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ያሳርፋቸው እንደ ነበር የጻፉለት ሰዎች ይናገራሉ። እኔ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክር በጤነኛ የቀለበት ጣት እጫናለሁ፤ አንደኛው ክር አሁንም አልፎ አልፎ ሳልጠራው ይጮኻል።