ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝ እና የስፖርት መሪ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችውን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. ያነሣው ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለ15 ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርተውታል።

ትውልድና ቤተሰብ

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በዘመን መለወጫ ዕለት በጅማ ነው። ከኢሉባቦር ጋር የምትዋሰነው ጅማ በዚያን ጊዜ በንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ትተዳደር ነበር። አባታቸው ተሰማ እሸቴ የታወቁ ባለ ቅኔ ነበሩ፤ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ናቸው።

የተጫዋችነት ዘመን

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ተመሠረተ። ጥቂት ወራት እንደቆየ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ጋር በአንድ ሜዳ መወዳደር ተከልክለው ነበር፤ ክለቡም ስሙ ተለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። አቶ ይድነቃቸው ኳስ መጫወት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። ቆዳን መሠረት ያደረገ አድልዎ በሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ገና በወጣትነታቸው ያዩ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በካፍና በፊፋ የተሟገቱበት ዋና ጉዳይም ይኸው ነበር።

ከነጻነት በኋላ ክለቡ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። አቶ ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ በአጥቂነት ለ23 ዓመታት ያህል ተጫውተውለታል። በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ይጠቀሳል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

የፌዴሬሽን ሥራ

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ገና በተጫዋችነት ላይ ሳሉ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ክለብ፣ ዳኛና የውድድር ደንብ ሁሉ እንደ አዲስ የሚደራጅበት ጊዜ ነበር። የጨዋታ ሕጎችን ወደ አማርኛ በመመለስ ዳኛውና ተጫዋቹ በሚያውቁት ቋንቋ እንዲሠሩበት አድርገዋል። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1952 የፊፋ አባል ሆነ። አቶ ይድነቃቸው በኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ምሥረታም ተሳትፈዋል፤ አገሪቱም ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳደረች።

የካፍ ምሥረታ

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች በካርቱም ተሰብስበው ካፍን መሠረቱ። የኢትዮጵያ ተወካይ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ወር በካርቱም ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሕጓ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተወገደች። የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተካሄደ። ተካፋዮቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዑጋንዳና በወቅቱ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ባለ ድል ነበረች።

በአቶ ይድነቃቸው የሚሠለጥነው ቡድን ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ከተሞች የመጡ ተጫዋቾች የተሰባሰቡበት ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ የአሥመራ ልጆች ነበሩ፤ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የጎንደር ተወላጅ ነበር።

በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜው ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በበደዊ ግብ ቀደመች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም፣ በደዊ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግብፅን እንደገና አስቀደመ። ጨዋታው ሊያበቃ 6 ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ዋንጫውን በማንሣት ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ናት።

የካፍ ፕሬዚዳንትነት

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካፍ ከፊፋ ጋር የተጋጨባቸው ሁለት ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው የዓለም ዋንጫ ቦታ ነው። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ አሸናፊ በቀጥታ እንደማያልፍና ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር መጋጠም እንዳለበት በመወሰኑ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። በዚህም ምክንያት አፍሪካ ለ1970ው ውድድር አንድ የራሷን ቦታ አገኘች። ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1961 ደቡብ አፍሪካን ካገደ በኋላ በ1963 እገዳውን አንሥቶ ነበር፤ በአፍሪካና በሌሎች አባል አገሮች ግፊት በ1964 እንደገና አገዳት። አቶ ይድነቃቸው በሁለቱም ክርክሮች ከአፍሪካ ወገን ጎልተው ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ፤ በ1972 የሱዳኑን አብደል ሐሊም ሙሐመድን ተክተው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሥልጣን ዘመናቸው ከተፈጸሙት ዋና ዋና ጉዳዮች (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ.)፦

በ1975 የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊ ክለቦች ውድድር ተጀመረ።
በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ።
በ1976 የፊፋ ጉባኤ በሞንትሪያል ተሰብስቦ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አሰናበተ።
በ1979 የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመረ።
በ1982 የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ቦታ ወደ ሁለት አደገ፤ አልጄሪያና ካሜሩን ተሳተፉ።

ኅልፈትና መታሰቢያ

አቶ ይድነቃቸው በ1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት በ65 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ጊዜ የካፍ ፕሬዚዳንትና የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። በካፍ ፕሬዚዳንትነት ቋሚ ተተኪያቸው የካሜሩኑ ኢሳ ሐያቱ ናቸው። የአዲስ አበባ ስታዲየም በስማቸው ይድነቃቸው ተሰማ ስታዲየም ተብሎም ይጠራል። የሕይወት ታሪካቸውን ልጃቸው ታደለ ይድነቃቸው በመጽሐፍ ጽፈዋል።

በ1954ቱ ፍጻሜ አራተኛውን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆኖ ኢትዮጵያን ለ1982ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ለ31 ዓመታት ከውድድሩ ርቆ ቆየ። ደቡብ አፍሪካ አቶ ይድነቃቸው ካረፉ ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ወደ ፊፋ ተመለሰች። ኢትዮጵያም በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራች እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ የውድድሩ አዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነበረች።