የሆድ ልክ ሲጠብ፤ የውፍረት ቀዶ ሕክምና ታሪክና የታካሚዎቹ አመጋገብ

«መሐንዲስ ስለ ቀዶ ሕክምና ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በቀዶ ሕክምና ለማስታገስ የተደረገው ጥረት፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት፣ ከሐኪም ሥራ ይልቅ የእኛን ሥራ ይመስላል። የሚገባውን መለካት፣ የሚወጣውን መለካት፣ መግቢያውን ማጥበብ፣ መንገዱን ማሳጠር፣ ማጠራቀሚያውን ማሳነስ፤ ነገሩ ሁሉ በዚሁ የሚያልቅ መስሎ ነበር። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ሠሪዎቹም እጃቸው የተፈተነ ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ ግን ደጋግሞ ከስሌቱ ወጣ። ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ ለማየት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1954 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሆኑት ክሬመን፣ ሊነርና ኔልሰን በውሾች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። የፈለጉት የትኛው የቀጭን አንጀት ክፍል ቢጎድል ሰውነት ምን እንደሚያጣ ለማወቅ ነበር። ያገኙትም የላይኛው ግማሽ ቢቀር እንስሳው ብዙም እንደማይጎዳ፣ የታችኛው ግማሽ ቢቀር ግን ስብ ሳይመጠጥ እንደሚወጣና ክብደት እንደሚወርድ ነው። በዚያው ጽሑፍ ላይ የአንጀቱን መሐል ዘልለው ላዩን ከታቹ ስላጋጠሙለት አንድ ታካሚም ገለጹ። በንድፍ አነጋገር፣ ዋናውን መስመር ሳይቆርጡ አቋራጭ መሥራት ማለት ነው።

ሐሳቡን ወደ ሎስ አንጀለስ የወሰዱት ፔይንና ዴዊንድ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። ከ1956 ጀምሮ የቀጭን አንጀትን መጀመሪያ በቀጥታ ከትልቁ አንጀት ጋር ማገናኘት ያዙ። ዕቅዳቸው ታካሚው ወደሚፈለገው ክብደት ሲወርድ አንጀቱን ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ነበር። ክብደቱ በእርግጥም ወረደ፤ ነገር ግን ከባድ ተቅማጥና የጨው መዛባት ተከተለ። አንጀታቸው ወደ ቦታው የተመለሰላቸው ታካሚዎችም የጣሉትን ክብደት መልሰው ተሸከሙት። ጊዜያዊ ጥገና ዘላቂ ለውጥ እንደማያመጣ ያኔ ታየ። በ1969 ሁለቱ ሐኪሞች ሌላ ልክ ይዘው ቀረቡ፤ ከላይኛው አንጀት 14 ኢንች፣ ከታችኛው 4 ኢንች ብቻ ሥራ ላይ እንዲቀር አደረጉ። ስድስት ሜትር ገደማ ከሚሆነው መንገድ ምግቡ የሚያልፍበት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህ ልክ በ1970ዎቹ ዓመታት በየሆስፒታሉ ተስፋፋ።

ያስከተለውን ጉዳት ቀስ ብለን ልንመለከተው ይገባል። ያልተመጠጠ ስብ በትልቁ አንጀት ውስጥ ካልሲየምን ይይዛል። ካልሲየም ሲያዝ ከርሱ ጋር ተጣብቆ ይወጣ የነበረው ኦክሳሌት የተባለው ጨው ነጻ ይሆናል፤ ነጻ የሆነው ኦክሳሌት ወደ ደም ይገባል፤ ከደም ወደ ኩላሊት ወርዶ ጠጠር ይሆናል። ምግብ የማያልፍበት የተዘለለው አንጀት ደግሞ እንደ ታቆረ ውሃ የባክቴሪያ መራቢያ ሆነ፤ ከዚያም የመገጣጠሚያ ሕመምና፣ ከሁሉ የከፋው፣ የጉበት መበላሸት መጣ። በጉበታቸው ምክንያት የሞቱ ታካሚዎች አሉ። በ1980 ገደማ ቀዶ ሕክምናው ተተወ፤ የብዙ ሰዎችም አንጀት ተከፍቶ እንደገና ተቀጠለ። የአንዱን መስመር ፍሰት ሲቀንሱ በሌሎቹ መስመሮች ላይ ምን እንደሚደርስ አስቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነገር ነው። የንድፉ መሠረት «ሰውየው እንደ ልቡ ይብላ፤ ትርፉ ሳይመጠጥ ይወጣል» የሚል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጆርጅ ብሬይና ባልደረቦቻቸው ታካሚዎቹ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚበሉ ለመለካት ተነሡ። የተገኘው መልስ ያልተጠበቀ ነበር፤ ሰዎቹ የሚበሉት ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በጣም ጣፋጭ የሆነ ነገርም እንደ ቀድሞው አይጥማቸውም ነበር። የወረደው ክብደት በአብዛኛው የመጣው ሳይመጠጥ ከወጣው ሳይሆን ጭራሹኑ ካልተበላው ነው። ማንም አፋቸውን ሳይዘጋባቸው፣ ማንም ሳይቆጣጠራቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ራሱ ተለውጦ ነበር። ቢላዋው የነካው አንጀትን ነው፤ የተለወጠው ግን ፍላጎት ነው። በጊዜው ይህን ግኝት እንደ ዋና ነገር የቆጠሩት ጥቂቶች ነበሩ።

የነገሩን ክብደት ለማስተዋል እዚያው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብሎ የተደረገውን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1944 እና በ1945 አንሰል ኪስ የተባሉት ሊቅ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ አቆዩ። ጤናማ የነበሩት ወጣቶች ከስተው ብቻ አልቀሩም፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያነብቡ ነበር፤ ስለ ምግብ ያልሙ ነበር፤ ቁጡና ጨለምተኛ ሆኑ። እንደልብ መብላት ሲፈቀድላቸውም ጥጋብ የሚሉት ነገር ራቃቸው። እንግዲህ በምግብ ቁጥጥር ብቻ ክብደቱን የቀነሰ ሰው የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። በአንጻሩ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አልበርት ስታንካርድና ባልደረቦቻቸው በ1986 እንደጻፉት፣ በቀዶ ሕክምና የከሱ ሰዎች ያን ያህል የመንፈስ መረበሽ አልታየባቸውም። ሁለቱም ከስተዋል፤ አንደኛው ግን ርቦት ነው፣ ሌላኛው ሳይርበው። ስለ ወፍራም ሰው «ራሱን መግዛት ያቃተው» እያለ የሚፈርድ ሰው ይህን ልዩነት ቢያጤን መልካም ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የንድፍ መስመር፣ ማለትም ወደ ጨጓራው እንሻገር። የዚህ ታሪክ ዋና ሰው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው። በጨጓራ ቁስል ምክንያት አብዛኛው ጨጓራቸው የተወገደላቸው ሴቶች ክብደት መጨመር እንደሚቸግራቸው አስተዋሉና በ1966 ከዶክተር ኢቶ ጋር ሆነው ጨጓራውን ከላይ ከፍለው ትንሹን ክፍል በቀጥታ ከአንጀት ጋር አገናኙ። ቀሪው ጨጓራ ከሆድ ሳይወጣ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በ1977 ዋርድ ግሪፈን አገጣጠሙን ለውጠው ሐሞት ወደ ትንሹ ጨጓራ እንዳይመለስ አደረጉ፤ ዛሬም በዓለም ላይ የሚሠራው ይህ ነው።

ሜሰን ግን በራሳቸው ሥራ አልረኩም። የተዘጋውን ጨጓራ ዳግመኛ ለመመርመር አለመቻሉ ያሳስባቸው ነበር፤ ቀለል ያለና አንጀትን የማይነካ ዘዴም ይሹ ነበር። በ1980 የጀመሩት ዘዴ ለመሐንዲስ ዓይን እጅግ ያማረ ነው። የጨጓራው የላይኛው ክፍል በብረት መስፊያ ከላይ ወደ ታች ተከፍሎ አነስተኛ ኪስ ይሆናል፤ የኪሱ መውጫ ደግሞ እንዳይሰፋ 5 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ባለው የፕላስቲክ መረብ ይታሰራል። ዙሪያው 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ዲያሜትሩ 1.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የጨጓራው ግድግዳ ውፍረት ሲቀነስ የሚቀረው ቀዳዳ ከዚያም ያንሳል። የኪሱም መጠን በግምት አልተተወም፤ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ውሃ ግፊት እየተሞላ ይለካ ነበር። በቋሚ ግፊት የተለካ ማጠራቀሚያ፣ ልኩ የታወቀ መውጫ፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ንድፍ ከየት ይገኛል?

እንከኑም እዚያው ላይ ነበር። ጠባብ ቀዳዳ ጠጣሩን ያግዳል፤ ፈሳሹን ግን ያሳልፋል። ሥጋና ዳቦ የተናነቀው ሰው፣ በልቶ የሚያስመልሰው ሰው፣ ቀስ በቀስ የሚያልፈውን ምግብ ለየ፤ የሚያልፈውም አይስክሬም፣ ወተት፣ ለስላሳ መጠጥና ቸኮላት ሆነ። እንዲህ ያለውን ምግብ ቀኑን ሙሉ የሚቀማምስ ሰው በሩ ጠቦም ከልኩ በላይ ይበላል። ታካሚው ሐኪሙን ሊያታልል ፈልጎ አይደለም፤ ማንም ሰው የሚያመውን ትቶ የማያመውን ይመርጣል። ጥፋቱ የበላተኛው ሳይሆን ረሃብን ሳይነካ በሩን ብቻ ያጠበበው ንድፍ ነው ባይ ነኝ።

ይህን በፈተና ያሳዩት በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የሚሠሩት ዶክተር ሃርቪ ሹገርማን ናቸው። በ1987 ባሳተሙት ጥናት 40 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ የሜሰንን ቀለበት፣ ለግማሾቹ የጨጓራ አቋራጩን ሠሩ። የጨጓራ አቋራጩ በልጦ ተገኘ፤ ልዩነቱም ጎልቶ የታየው ጣፋጭ በሚያዘወትሩት ታካሚዎች ላይ ነው። ለዚህ በጊዜው የተሰጠው ማብራሪያ አሁንም ሜካኒካዊ ነበር፤ አቋራጭ በተሠራለት ሰው ስኳር የበዛበት ምግብ በቀጥታ ወደ ቀጭን አንጀት ወርዶ ውሃ ከደም ይስባል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያዞራል። ስለዚህ ሰውየው ጣፋጭን ፈርቶ ይተወዋል ተባለ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ሆድ የእህል ማጠራቀሚያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ምሥጢር ይይዛል። የሐኪሞቹ ሥዕል ላይ ግን ሆድ ከረጢት ነበር፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው ከረጢት። ከረጢት ደግሞ ለማንም መልእክት አይልክም።

መልእክት እንደሚልክ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1995 ዶክተር ዋልተር ፖሪስ በሰሜን ካሮላይና አቋራጭ የሠሩላቸውን 608 ሰዎች ውጤት አሳተሙ፤ ከ146 የስኳር ሕሙማን የ121ዱ የደም ስኳር ወደ ትክክለኛው መጠን ተመልሷል፤ ለውጡም የሚታየው ክብደቱ ገና ሳይወርድ ነበር። ጽሑፉ ከርእሱ ጀምሮ መገረምን የሚገልጽ ነው። በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ከጨጓራ የሚመነጭ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን አገኙ፤ ረሃብን የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ። በለንደን ደግሞ ለሩ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2007 እንደገለጹት፣ የአንጀት ሆርሞኖችን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ አቋራጭ የተሠራላቸው ሰዎች ብዙ መብላት ጀመሩ፤ ጨጓራቸው በቀለበት የታሰረላቸው ግን አልተለወጡም። ቀዳዳው ያው፣ ኪሱ ያው፤ የተቋረጠው ምልክቱ ብቻ ነው። ብሬይ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያዩትም ይኸው ነበር።

ስለ ሕይወትና ሞት የሚነግሩን ደግሞ ረጃጅሞቹ ክትትሎች ናቸው። በስዊድን በ1987 በላርስ ሾስትሮም መሪነት የተጀመረው ጥናት 2,010 ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ካልተደረገላቸው 2,037 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ከአሥር ዓመት በኋላ አቋራጭ የተሠራላቸው ከመነሻ ክብደታቸው 25 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ፤ ጨጓራቸው በስፌት ተከፍሎ የታሰረላቸው 16፣ በቀለበት ብቻ የታሰረላቸው 14 በመቶ። ሁሉም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኋላ ከፊሉን ክብደት መልሰዋል። በ2007 በተገለጸው ውጤት ካልታከሙት 129፣ ከታከሙት 101 ሰዎች ሞተዋል። በ2020 የወጣው ስሌት የታከሙት በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል እንደሚረዝም ዕድሜያቸው፣ ሆኖም ከጠቅላላው ሕዝብ ዕድሜ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ እንደሚያንስ ያሳያል። ትርፉም ጉድለቱም በአንድ ገጽ ላይ ሲጻፍ ማየት ደስ ያሰኛል።

በዚያው በ2007 ከዩታ የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገርም አሳየ። ከ7,925 ጥንድ ሰዎች መካከል በታከሙት ዘንድ በስኳር በሽታ የመሞት አደጋ በ92 በመቶ ቀነሰ፤ ከበሽታ ውጪ፣ ማለትም በአደጋና ራስን በማጥፋት፣ የሚመጣ ሞት ግን በ58 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2012 ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት የአልኮል መጠጥ ችግር ያለባቸው ሰዎች ከ7.6 ወደ 9.6 በመቶ ማደጋቸው ተገለጸ፤ አቋራጭ በተሠራለት ሰው አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖ ነው። በየል ዩኒቨርሲቲ በ2010 የቀረበው ጥናት እንደሚለው፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት መብላቱን መግታት ያቅተው የነበረ ሰው የግድ ውጤቱ አይከፋም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይኸው ስሜት የተመለሰበት ሰው ግን የሚጥለው ክብደት ያነሰ ነው። ስለዚህ ታካሚውን በር ላይ መርጦ ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚሰማው የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ብረትና ቪታሚን ቢ 12ም ዕድሜ ልኩን መከታተል አለበት።

እኛ ድልድይ ሠርተን ርክክብ ከፈረምን በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሰን እንደምናየው እያንዳንዱ አንባቢ ያውቃል። ሜሰን ይህን ቀድመው ገብቷቸው ነበር፤ በ1986 የየሐኪሙ ታካሚዎች ውጤት በአንድነት የሚመዘገብበትን መዝገብ ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። የመዝገቡ ፍሬ ለራሳቸው ቀለበት የሚያመች አልሆነም። የቀለበቱ ዘዴ እየቀረ ሄደ፤ ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ በብዛት የሚሠራው ጨጓራውን ወደ ጠባብ ቱቦ የሚለውጠው ነው፤ እርሱም ግሬሊን በብዛት የሚመነጭበትን የጨጓራ ክፍል አውጥቶ ይጥላል።

ሜሰን ግን ቀለበታቸውን ለመከላከል አልተቀመጡም። በ1999፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው በተቃረበ ጊዜ፣ የታችኛውን አንጀት ወደ ላይ ስለማዛወርና ጂኤልፒ 1 ስለተባለው የአንጀት ሆርሞን አንድ ጽሑፍ አሳተሙ፤ መፍትሔውን ከጠባቡ በር ሳይሆን ከዚያ ምልክት እንፈልገው የሚል ነበር። ያንኑ ሆርሞን አስመስሎ የተሠራው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ለውፍረት ሕክምና በአሜሪካ የተፈቀደው በ2021 ነው። ሜሰን መቶኛ ዓመታቸውን አክብረው በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ዐርፈው ነበር።