ከስድብ ክልከላ እስከ ልማት ድርጅት

መንግሥት አነስተኛውን ባለሙያ ደገፈ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ብድር ነው። በአገራችን ግን ቀደም ብሎ የተደረገው ስድብን መከልከል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን በሙያው ምክንያት የሰደበ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ፤ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም አሳሰቡ።

አዋጁ ገንዘብም መሣሪያም አልሰጠም። ቢሆንም ቀላል ነገር አልነበረም። ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አይታረስም፣ ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ አይጋገርም፤ ሆኖም ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሸው ያው ማረሻውን የገዛው ገበሬ ነበር። ልጁ የአባቱን ሙያ ጥሎ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል?

የእደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት በአዋጅ የተቋቋመው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ነው። ባለሙያዎችን ማሠልጠንና በኅብረት ሥራ ማኅበር ማደራጀት ከተግባሩ መካከል ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሌላ አዋጅ የግል አነስተኛ ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። ባለሙያው እንዲያድግ ይረዳል፤ ነገር ግን ከተወሰነው በላይ እንዳያድግ ይከለከላል። ገደቡ የላላው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ይህን ትምህርት ስሰጥ «የሸማኔ ልጅ ማን አለ?» ብዬ ሠልጣኞቼን ጠየቅሁ፤ ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነበር መሰለኝ። እጁን ያነሣ የለም። ደወል ከተደወለ በኋላ አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ በሩን መለስ አድርጎ፣ አባቱ ሸማኔ መሆናቸውን በሹክሹክታ ነገረኝ።