የውቅያኖስ ወለል ባዛልት፦ ከጉድለቱ የተነበበ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዛልት በውቅያኖስ ሥር ያለውን ቅርፊተ ምድር የላይኛውን ክፍል በአመዛኙ የሠራ ዐለት ነው። ይሁን እንጂ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሊቃውንት የውቅያኖስን ባዛልት ያጠኑት በተለይ እንደ ሃዋይ ካሉ ደሴቶች ነበር። ደሴት በእግር ይረገጣል፤ ከጥልቁ ወለል ግን ድንጋይ የሚገኘው ከመርከብ በሚጎተት መሣሪያ ተለቅሞ ነበር።

በ1965 እ.ኤ.አ. አልበርት ኤንገል፣ ሴለስት ኤንገልና ሄቨንስ ከጥልቁ የወጡ ድንጋዮችን ትንተና አሳተሙ። ሲሊካው እንደ ሌላው ባዛልት ሁሉ 50 በመቶ ገደማ ነበር። የፖታሲየም ኦክሳይዱ ግን 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ፤ በባሕር ውስጥ ተራሮች አናት ላይ ያለው አልካሊ ባዛልት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ደሴቶቹ የወለሉ ወኪሎች አልነበሩም ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ለምን ያስጨንቀናል? ከቅርፊቱ ሥር ያለው ማንትል ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ሙቀት ሳይጨመርበት በከፊል ይቀልጣል። ፖታሲየምን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች በማንትሉ ማዕድናት ውስጥ የሚመጥናቸው ቦታ ስለሌላቸው ቀድመው ወደ ቅልጡ ይገባሉ። እንግዲህ ሁለት መልስ ይኖራል፦ ወይ ቅልጡ በዝቶ ፖታሲየሙ ቀጥኗል፣ ወይ ምንጩ አስቀድሞ ድሃ ነበር።

ፖል ጋስት በ1968 ፍርዱን ወደ ሁለተኛው አዘነበለ። ከብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች መካከል ቀላሎቹ ከከባዶቹ ይልቅ ወደ ቅልጥ ይቸኩላሉ፤ በዚህ ባዛልት ውስጥ ግን፣ ከጥንታዊ ሜትዮራይቶች ጋር ሲነጻጸር፣ ይበልጥ የጎደሉት እነርሱ ናቸው። መቅጠን ብቻውን ይህን ቅደም ተከተል አይገለብጥም። ማንትሉ ቀደም ሲል ቀልጦ ሀብቱን ሰጥቷል፤ ከዚያ ሀብት ብዙው ዛሬ በአህጉሮች ቅርፊት ውስጥ ይገኛል። የወለሉ ድህነትና የየብሱ ብልጽግና የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው።

ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአፋር፣ በኤርታ አሌ ሰንሰለት፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጠናው ባዛልት በጠባዩ ወደ ውቅያኖሱ የተጠጋ ነው። በ2005 በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ በማግማ ሲሞላ፣ ምድሪቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ባሕሩ ገና ሳይመጣ ወለሉ መዘጋጀት ጀምሯል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የትንተና ሠንጠረዥ ስታነብቡ ትልልቁን ቁጥር ብቻ አትፈልጉ። ይህን ታሪክ የገለጠው ትንሹ ቁጥር ነውና።