የመጀመሪያው ሴክተር የማን ነው? በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሥርዓቶችን የማስነሣት ታሪክ ከ1983 እስከ 2003

ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አብረው ሲኖሩ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የትኛው ይነሣ ብሎ ባለቤቱን የሚጠይቀው ቡት ሜኑ ዛሬ በጥቂት ደቂቃ የሚሰናዳ ተራ ነገር ይመስላል። መዛግብቱን በየዘመናቸው ስንመረምር ግን ክርክሩ ሁሉ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የሚገኝን፣ 512 ባይት ብቻ የሚይዝን አንድ ሴክተር ሲዞር እናገኘዋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይቢኤም በ1981 ያወጣው ፒሲ ሃርድ ዲስክ ስላልነበረው ጥያቄው ራሱ አልተነሣም፤ ሥርዓት መለወጥ የፈለገ ሰው ፍሎፒውን ይለውጥ ነበር። በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል ባለ 10 ሜጋባይት ዲስክ ይዞ፣ ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 446 ባይት ለማስነሻ ኮድ፣ 64 ባይት ለፓርቲሽን ሠንጠረዥ፣ የቀረው 2 ባይት ለማረጋገጫ ምልክት ተደለደለ። ሠንጠረዡ አራት ፓርቲሽኖችን መመዝገቡና ለእያንዳንዱ የዓይነት መለያ ቁጥር ማዘጋጀቱ፣ ንድፍ አውጪዎቹ ከዶስ ሌላ ሥርዓትም በዲስኩ ላይ እንደሚቀመጥ አስቀድመው ማሰባቸውን ያስረዳል። ይሁን እንጂ የማስነሻ ኮዱ «ንቁ» የሚል ምልክት የተደረገበትን አንድ ፓርቲሽን ፈልጎ ከማስነሣት በቀር ተጠቃሚውን የሚጠይቀው ነገር አልነበረም፤ ሌላውን የፈለገ ሰው ኤፍዲስክ በተባለው የዶስ መሣሪያ ምልክቱን አዛውሮ ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ነበረበት። ለኋለኛው ውዝግብ ሥሩን የምናገኘው እዚህ ላይ ነው፦ መሬቱ ተሸንሽኖ ተሰጠ፣ ዳኛ ግን አልተሾመም።

ክፍተቱን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በየፊናቸው ሊሞሉ የተነሡት ብዙ ናቸው። አይቢኤም በ1992 ከኦኤስ/2 2.0 ጋር ያቀረበው ቡት ማናጀር የራሱን ትንሽ ፓርቲሽን ያዘ። ማይክሮሶፍት በ1993 ያወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ደግሞ የምርጫውን ዝርዝር ቡት.ኢኒ በተባለ ፋይል አስፍሮ፣ የቀድሞውን የዶስ ማስነሻ ሴክተር በፋይል መልክ አስቀምጦ አስፈላጊ ሲሆን ይጠራው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የዘመኑን ጭንቅ የሚያሳየው ግን ቨርነር አልመስበርገር ለሊኑክስ የጻፈው ሊሎ ነው። በ446 ባይት ውስጥ የፋይል ሥርዓትን የሚያነብ ኮድ ማስገባት ስለማይቻል፣ ሊሎ ከርነሉ (የሥርዓቱ ዋና ፕሮግራም) በዲስኩ ላይ የተቀመጠባቸውን ቦታዎች አድራሻ ብቻ መዝግቦ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር ሊሎን እንደገና ማስኬድ ግዴታ ነበር፤ ይህን የዘነጋ ሰው ማሽኑ ሳይነሣለት ይቀራል። የስሙ አራት ፊደላት እንኳ ሥራ ነበራቸው፦ እያንዳንዱ ደረጃ ሲሳካ አንድ ፊደል በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ በሁለተኛው ፊደል ላይ መቆሙ ሁለተኛው የማስነሻ ክፍል ተጭኖ ለመሥራት እንዳልቻለ ያመለክታል። በዚህ ላይ የዘመኑ ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው የማሽኑ ፕሮግራም፣ ከ1024ኛው ሲሊንደር በላይ ማንበብ ስለማይችል፣ ከርነሉን በዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ በትንሽ ፓርቲሽን ማስቀመጥ ልማድ ሆነ። በ1995 ኤሪክ ቦሊን ኸርድ የተባለውን የጂኤንዩ ሥርዓት ለማስነሣት ሲደክም የጀመረው ግረብ፣ የፋይል ሥርዓቱን ራሱ በማንበብ ተጠቃሚውን ከዚህ የአድራሻ ምዝገባ ነጻ አወጣ።

በዚያው ዓመት ዊንዶውስ 95 ወጣ፤ ሲጫንም የመጀመሪያውን ሴክተር በራሱ ኮድ ስለሚተካ ሊሎን ያጠፋው ነበር። የሊኑክስ መመሪያዎች ዊንዶውስ አስቀድሞ፣ ሊኑክስ በኋላ እንዲጫን አጥብቀው የመከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ የሊኑክስ ወዳጆች ድርጊቱን ሆን ተብሎ ተቀናቃኝን ለመግፋት የተደረገ አድርገው ተርጉመውታል። እኛ ግን ሁለት ነገሮችን በሚዛኑ ሌላ ወገን ላይ እናስቀምጣለን። የመጀመሪያውን ሴክተር እንደ አዲስ መጻፍ በቫይረስ ወይም በብልሽት ለተጎዳ ዲስክ መፍትሔ ሆኖ በዶስ መሣሪያዎች ውስጥ ቀድሞም ነበር። የኤንቲ ማስነሻ ደግሞ የሊኑክስ ማስነሻ ሴክተር በፋይል ተቀድቶ ከተሰጠው ያለ ችግር ይጠራዋል። ከዚህ ድርጊት ብቻ ተነሥቶ ክፋትን መደምደም በማስረጃው ላይ ከአቅሙ በላይ መጫን ነው።

ስለ ንግድ ውል የሚነሣው ክስ ግን ከዚህ የተለየና የከበደ ነው። ቢኦኤስን የሠራው የዣን ልዊ ጋሴ ኩባንያ ቢ፣ ሥርዓቱን ከዊንዶውስ ጎን ተጭኖ እንዲሸጥ ለኮምፒውተር አምራቾች ያቀርብ ነበር። ሂታቺ በጃፓን ፍሎራ ፕሪየስ በተባለው ኮምፒውተሩ ላይ ቢኦኤስን ጫነ፤ ነገር ግን ገዢው ራሱ ተጨማሪ ሥራ ሠርቶ ካልገለጠው በቀር ሲከፈት የሚታይ ምርጫ አልነበረም። በቢ በኩል የተነገረው፣ ማይክሮሶፍት ከአምራቾች ጋር ያለው የፈቃድ ውል ሌላ ሥርዓት የሚያስነሣ ምርጫ ማሳየትን ይከለክላል የሚል ነው። ስኮት ሃከር በ2001 በባይት መጽሔት ይህንኑ በሰፊው ጽፏል፤ ሆኖም ሃከር ስለ ቢኦኤስ መጽሐፍ ያሳተመ የሥርዓቱ ወዳጅ በመሆኑ ምስክርነቱን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ማይክሮሶፍት ደግሞ ጥፋቱን አላመነም።

ሦስተኛ ምንጭ አለን፤ እርሱም የአሜሪካ መንግሥት በማይክሮሶፍት ላይ የመሠረተው ክስ መዝገብ ነው። ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በኖቬምበር 1999 ባወጡት የፍሬ ነገር ግኝት ቢኦኤስን የዊንዶውስ ምትክ ሳይሆን ተጓዳኝ ሆኖ ለገበያ የቀረበ ሥርዓት አድርገው ገልጸውታል። በላይ በላዩ ሲነበብ ይህ ለማይክሮሶፍት የሚያደላ ይመስላል። በእኛ አመዛዘን ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በተጓዳኝነት የሚኖር ሥርዓት ያለ ቡት ሜኑ ገዢው ዘንድ መድረሻ ስለሌለው፣ የምርጫው መሰወር የሚጎዳው ከማንም በላይ እርሱን ነው።

ዳኛ ኮሊን ኮላር-ኮቴሊ በዚሁ የመንግሥት ክስ በኖቬምበር 2002 ያጸደቁት የመጨረሻ ፍርድ ጉዳዩን በስም ጠቅሶታል፦ አምራቾች ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣ፣ ማይክሮሶፍት ባልሠራው ማስነሻ ወይም በባዮስ በኩል ሌላ ሥርዓት የማስነሣት ምርጫ ለተጠቃሚ እንዳያቀርቡ ማይክሮሶፍት በውል እንዳይገድብ ከለከለ። እንዲህ ያለ አንቀጽ በፍርድ ውስጥ መግባቱ የቢን ክስ በራሱ አያረጋግጥም፤ ነገር ግን የቅሬታውን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ እንደ ተጨባጭ ሥጋት መመልከቱን ያሳያል። ለቢ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ በ2001 ንብረቱን በ11 ሚሊዮን ዶላር ለፓልም ለመሸጥ ተስማምቶ ነበርና። በ2002 ማይክሮሶፍትን ከስሶ በ2003 በ23,250,000 ዶላር ስምምነት ክርክሩ ሲዘጋ፣ ማይክሮሶፍት ጥፋት ሳያምን፣ የሂታቺም ጉዳይ በዚህ ክስ ፍርድ ሳይሰጥበት ቀረ።