የርስት ቆጠራና የእህት ድርሻ

«በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ በጣና ዙሪያም ሆነ በመላው ጎጃም ርስት ይባል የነበረው ምን እንደነበር በቅጡ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ብዙዎቻችን ርስት ሲባል አባት ለልጁ ያወረሰው፣ ድንበሩ የታወቀ ማሳ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም።

ርስት ከማሳነቱ በፊት መብት ነበር። መሬቱን ቀድሞ ካቀናው ዋና አባት እወለዳለሁ የሚል ሁሉ፣ በአባቱ በኩልም ይቁጠር በእናቱ፣ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ሰው አራት አያቶችና ስምንት ቅድመ አያቶች ስላሉት በብዙ ቦታ ባለ መብት ነው፤ የሚያርሰው ግን ከመብቱ ጥቂቱን ብቻ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመው ይህንኑ ነው። የትውልድ ሐረግ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ቃላቸው ዋጋ ነበረው፤ ክርክሩም ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር።

እዚህ ላይ ከሕንድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በአብዛኛው የሕንድ ክፍል በሠራው የሂንዱ ልማድ፣ ወንድ ልጅ ገና ሲወለድ በአያት ቅድመ አያት ንብረት ላይ የጋራ ባለቤት ይሆናል፤ ሴት ልጅ ግን አትሆንም ነበር። ይህ ልዩነት በአገሪቱ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የጎጃም ርስት በመብት ረገድ ሴት ልጅን ከመጀመሪያውም አላገለለም።

በተግባርስ? ሴት ልጅ ስታገባ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። መሬቱ አጠገብ የቀረው፣ ሽማግሌ የሚያውቀው፣ ሸንጎ ቆሞ የሚከራከረው ወንድሟ ነው። እርሷን ወክሎ የሚጠይቅ ባል ወይም ልጅ ከሌላት መብቷ በቃል ብቻ ይቀራል።

ጎጃሜ በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ መሬት ከተለካ ርስት ይነካል የሚል ስጋት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቆጠራውም ዋጋ አጣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተሸነሸነ። ከዚያም የባልና ሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት አረንጓዴ ደብተር መጣ።

በርስት ዘመን ያልተጠየቀ ድርሻ አይሞትም፤ የልጅ ልጅ ተነሥቶ ሊጠይቀው ይችላል። ዛሬ ክፍፍሉ በወረቀት ያልቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች በውርስ እኩል መብት ሰጥቷል። ሆኖም ባሕር ዳር ከተማ እየሰፋ ወደ ገጠሩ ማሳ ሲገባና ለመሬቱ ካሣ ሲከፈል፣ «እኔ ይቅርብኝ» ብላ ለወንድሟ የምትፈርም እህት የምትለቀው የራሷን ብቻ ሳይሆን የልጆቿንም ነው። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ሽማግሌ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ማን ያርሳል?» ብሎ ሳይሆን «ማን ቀረ?» ብሎ ነው።