ጢማሙ ማሰሮና ካርዲናሉ

«ቤላርሚን» የሚባል ጥንታዊ የጀርመን የመጠጥ ማሰሮ አለ። አንገቱ ላይ የጢማም ሰው ፊት ተቀርጾበታል። ብዙዎች፣ በካርዲናል ሮበርቶ ቤላርሚኖ ለመሳለቅ የተሠራ ነው ይላሉ። ዘመኑን ስትቆጥሩት ግን ነገሩ አይገጥምም።

ካርዲናሉ የተወለዱት በ1542 (እ.ኤ.አ.) ነው። የኮሎኝ ሸክላ ሠሪዎች በዚያን ጊዜ ጢማሙን ማሰሮ እየሠሩ ነበር። እነሱ የሚጠሩት «ባርትማን» ብለው ነው፤ ጢማም ሰው ማለት ነው።

አሠራሩ ራሱ ይደንቃል። ተራ ሸክላ ፈሳሽ ይመጥጣል። እነዚህ ግን እቶኑን ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አግለው ጨው ይጨምሩበታል። አዎ፣ ወጥ ውስጥ የምንጨምረውን ጨው! ጨው ሲተን፣ ሶዲየሙ ከሸክላው ሲሊካ ጋር ተዋህዶ ማሰሮውን እንደ መስታወት ባለ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነቆጥ ነቆጥ ይላል። ሸክላውም በሙቀቱ ጠጥሮ ድንጋይ ስለሚሆን ቢራ አያሰርግም። እቶኑ ግን ማገዶ ይፈጃል፣ ቃጠሎም ያሰጋል። የኮሎኝ ሹማምንት ሠሪዎቹን ሲያስጨንቋቸው ሙያው በቅርብ ወዳለችው ፍሬኽን ዞረ።

ማሰሮው በራይን ወንዝ ተጭኖ ሆላንድና እንግሊዝ ገባ። ስሙን ያገኘው እዚያ፣ ከፕሮቴስታንት ጠጪዎች ነው። ቤላርሚኖ ኢየሱሳዊ ነበሩ፤ ለሮሙ ጳጳስ የሚሟገቱ ስለታም ብዕረኛ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ካቶሊኮችን የታማኝነት መሐላ ሲያስምሉ ሁለቱ በጽሑፍ ተናነቁ። ንጉሡ በ1608 ስማቸውን ሳይጽፉ አሳተሙ፤ ካርዲናሉ በረዳታቸው ስም መለሱ። የዛሬው የሐሰተኛ አካውንት ስድድብ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በእኔ ግምት ሕዝቡ ማሰሮውን ለስድብ አልሠራውም፤ የተዘጋጀ ፊት አገኘና የጠላቱን ስም ለጠፈበት።

ውርደቱ በዚያም አላበቃም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ጠንቋይን ለመመከት ሽንት፣ ምስማርና ጸጉር በማሰሮው ከትተው ይቀብሩ ነበር። በ2004 ለንደን ግሪኒች ውስጥ አንዱ እንደታሸገ ተገኘ። ሲመረመር ሽንቱ፣ ምስማሩ፣ የተቆረጠ ጥፍር ሳይቀር ነበረበት።

ካርዲናሉ በ1930 ቅዱስ ተብለዋል። ጨረታ ቤቶች ማሰሮውን ዛሬም በስማቸው ይሸጡታል።